ቪም ላይ የአማርኛ ቃል ስፈልግ ኤን አልሠራ አለኝ

ጥያቄ
ሰላም ጓዶች። ረዘም ያለ የአማርኛ ጽሑፍ ቪም (በኪቦርድ ትእዛዝ የሚሠራ የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም) ላይ እያረምኩ ነው። / ብዬ «ቤት» ጽፌ ኢንተር ስል የመጀመሪያውን ያገኝልኛል። ወደሚቀጥለው ለመሄድ ኤንን ስጫን ግን ዝም። አንዳንዴ ደግሞ ይሠራና ወደ ታች መሄድ ሲገባው ወደ ላይ ይወስደኛል። ምን ላድርግ? ማውስ መንካት አልፈልግም።

መልስ 1
ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ዝም የሚለው ኪቦርድህ አማርኛ ላይ ስለቀረ ነው። ኤንን ስትጫን ለቪም የሚደርሰው «ን» ነው፣ እሱ ደግሞ «ን» የሚባል ትእዛዝ አያውቅም። ኢንተር እንዳልክ ወደ እንግሊዝኛ መልሰው። ወደ ላይ የሚሄደው ፍለጋውን በ ? ስትጀምር ነው፤ ኤን የሚከተለው ፍለጋው የተጀመረበትን አቅጣጫ ነው። ተቃራኒውን ስትፈልግ ሺፍት ይዘህ ኤን በል።

መልስ 2
ኪቦርድ መቀያየሩ ከሰለቸህ ቃሉን ጭራሽ አትጻፈው። ጠቋሚውን ጽሑፉ ውስጥ ካለው ቃል ላይ አድርግና * ተጫን፣ በቃ። ወደ ላይ ከሆነ #። ከመጀመርህ በፊት ደግሞ ኤምን ሁለቴ ተጫን። የፈለግከው ቦታ ዞረህ ስትጨርስ ' እና ኤም ስትል ወደ ተነሳህበት መስመር ይመልስሃል።

ጠያቂው
ሠራ፣ ተባረኩ! ግን * «ከቤት» እና «ቤቱ»ን ዘለላቸው።

መልስ 3
* ራሱን የቻለ ሙሉ ቃል ብቻ ነው የሚይዘው። መጀመሪያ ጂ ቀጥሎ * ካልክ «ከቤት»ም «በቤት»ም ይመጣሉ። «ቤቱ» ግን አሁንም አይመጣም፣ ምክንያቱም ለእኛ አንድ ቤተሰብ ቢሆኑም ለኮምፒውተሩ «ት» እና «ቱ» ምንም የማይገናኙ ሁለት ፊደሎች ናቸው። እዚህ ላይ መጻፍ የግድ ነው፦

/ቤ[ትቱቴታቶ]

በቅንፉ ውስጥ ካሉት አንዱን ካገኘ ይበቃዋል፤ «ቤቴ»፣ «ቤታችን»፣ «ቤቶች» ሁሉ ይገባሉ። ሰው እንደፈለገ የሚጽፋቸውን ቃላትም እንዲሁ ነው የምይዛቸው፦

/[ፀጸ][ሐሀኀ]ይ

ለአራሚ ከዚህ የሚበልጥ መሣሪያ የለም፣ እውነቴን ነው። የተለያየ ሰው የጻፈው ጽሑፍ ላይ ይህን ሳትጠቀም ሁሉንም አገኘሁ ማለት አትችልም።

መልስ 1
አንድ ልጨምር። ኤን መጨረሻው ላይ ሲደርስ ራሱ ወደ መጀመሪያው ይዞራል። ያኔ ከታች መልእክት ይወጣል፣ እሱን ካላየህ ያረምከውን ደግመህ ልትዞረው ነው። ፍለጋው የቀባው ቀለም ከቃሉ ላይ አልጠፋ ካለህ : ብለህ ኤን፣ ኦ፣ ኤች ጻፍና ኢንተር በል።