የሱሊ ፕሮፖዛል፦ ዓርብ ይገባል

(የሰሜን ቨርጂኒያ ማኅበራችን የቡድን መልእክት፤ አባላቱ በከተማቸው ወይም በሥራቸው ስም ተጠርተዋል።)

ጸሐፊ፦ ረቂቁን ለጥፌዋለሁ። ለካውንቲው ዓርብ ካልገባ እንደ አምናው ብሩ ያመልጠናል። ለልጆቻችን ሱሊ የሚባለውን ቤት ስላሠራው ስለ ሪቻርድ ብላንድ ሊ 12 ገጽ መጽሔት፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ። የሰሜን ቨርጂኒያ የመጀመሪያው የኮንግረስ አባል፣ በፈረንጅ ከ1789 እስከ 1795። መግቢያው «በእኛ አቆጣጠር ጥር 12 ቀን 1753፣ በጥምቀት ማግስት ተወለደ» ይላል።

ሴንተርቪል፦ ስህተት ነው። ጥር 14 ነው።

ጸሐፊ፦ ልደቱ ጃንዋሪ 20 ነው፣ ያ ደግሞ ጥር 12 ነው። ስልክህን ክፈት።

ሴንተርቪል፦ ጃንዋሪ 20 ጥር 12 የሚሆነው በዛሬ ዘመን ነው። ፈረንጆቹ በ1800 እና በ1900 ፌብሩዋሪ 29ን ዘለሉ፣ እኛ አልዘለልንም። ሰውዬው የተወለደው በፈረንጅ 1761 ነው፣ ከዚያ በፊት። ሁለት ቀን ጨምር።

ስፕሪንግፊልድ፦ ሁለት ቀን! ለሁለት ቀን ብለን ብሩን እንጣው?

ሴንተርቪል፦ «በጥምቀት ማግስት» ብለን አትመን ካህናቱ ቢያዩትስ? ማኅበሩ መሳቂያ ይሆናል።

ሄርንደን፦ እኔ ደለስ ኤርፖርት ታክሲ ስነዳ ስንት ዓመት በሱሊ ቤት በር አልፌያለሁ። ሰውዬው ባሪያ አሳዳሪ ነበር። እሱን ማን ጻፈው?

ጸሐፊ፦ ገጽ 7 ላይ አለ። ግቢው ውስጥ የባሪያዎቹን ጎጆ አስመስለው መልሰው ሠርተዋል፣ ፎቶው ይገባል።

ሄርንደን፦ ገጽ 7? ገጽ 1 ላይ ነበር መሆን ያለበት።

ሴንተርቪል፦ መጀመሪያ ቀኑ ይስተካከል።

ስፕሪንግፊልድ፦ ኧረ በማርያም!

አሌክሳንድሪያ፦ ልጆቹ በእሱ ምን አገባቸው?

ጸሐፊ፦ ዲሲ እዚህ የሆነችው በማን ድምፅ ይመስልሻል? 1790፣ ኒውዮርክ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ሃሚልተን የስቴቶቹን የጦርነት ዕዳ ፌዴራል መንግሥቱ ይክፈል አለ። ሊ እና ሌላው የቨርጂኒያ ተወካይ አሌክሳንደር ዋይት እምቢ ብለው ነበር። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጄፈርሰን ቤት ራት ተበላ፣ ዋና ከተማው ፖቶማክ ዳር ይሁን ተባለ፣ ሁለቱም ድምፃቸውን ለወጡ።

አሌክሳንድሪያ፦ ጉርሻ በልተው ማለት ነው።

ጸሐፊ፦ ሁለቱ ራቱ ላይ አልነበሩም። ስምምነት ነው የሚባለው።

አሌክሳንድሪያ፦ እዚህ ማኅበር ውስጥም «ስምምነት» አይተናል። የአዳራሹን ኪራይ ጉዳይ ታስታውሳላችሁ።

ጸሐፊ፦ ያንን አሁን ማንሳትሽ ነውር ነው። ጸሐፊነቱን ነገ ተረከቢኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ሁለታችሁም ተዉ። ሰውዬው ዕዳ በዝቶበት ሱሊን በ1811 ሸጧል። እኛም ወደዚያው እየሄድን ነው። ለ12 ገጽ ቀለም ኅትመት የሚሆን ብር የለንም። እተረጉማለሁ ያለውስ ሰው የት አለ?

ሄርንደን፦ ከማክሰኞ ጀምሮ ስልክ አያነሳም።

ስፕሪንግፊልድ፦ ታዲያ መጽሔቱን ትተን ልጆቹን ቤቱን ለምን አናሳያቸውም? ራሱ በ1794 ያሠራው ነው። ለኤርፖርቱ ሊፈርስ ሲል በ1959 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ሕግ ፈርሞ ያተረፈው። ደግሞ ቅርብ ነው።

አሌክሳንድሪያ፦ ይሄ ይሻላል። ጸሐፊ፣ ቅድም ተናድጄ ነው፣ ይቅርታ።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ ይለፍ።

ሴንተርቪል፦ በጥር ከሆነ ጥር 14 ይሁን፣ ልደቱ ነው።

ስፕሪንግፊልድ፦ በጥር ብርድ ሕፃናት ይዘን ሁለቴ እንውጣ? የጥምቀት ቅዳሜ ይሁን፣ ከታቦቱ መልስ።

ገንዘብ ያዥ፦ እንደዚያ ከሆነ አውቶቡስና ምሳ። ኅትመት ይሰረዝ።

አሌክሳንድሪያ፦ ምሳው የጾም ነው የፍስክ?

ሄርንደን፦ ሁለቱም ይኑር። ቡናውን የኔዋ ታፈላለች።

ጸሐፊ፦ ርዕሱን ቀየርኩት፦ «የጥምቀት ሰሞን የቤተሰብ ጉብኝትና ምሳ»። ስለ ሰውዬው አንድ ገጽ ብቻ ይታደላል። ሄርንደን፣ የባሪያዎቹ ጉዳይ ከገጹ አናት ላይ ነው። ልደቱን 1753 ብቻ አልኩት።

ሴንተርቪል፦ «ዓ.ም.» የሚለውን ጨምርበት። ያለዚያ በፈረንጅ ይመስላል።

ገንዘብ ያዥ፦ ለአውቶቡሱ ማን ይደውላል?

ገንዘብ ያዥ፦ ሰዎች?