በሦስት ጉድጓድ "ክምችት ተረጋገጠ" ይባላል እንዴ?

ድንጋይ አንባቢ፦ የአንድ አሳሽ ኩባንያ መግለጫ ዛሬ ሲዘዋወር ዋለ፣ "በጂኦፊዚክስ ጥናትና በሦስት ጉድጓድ ቁፋሮ ትልቅ የመዳብ ክምችት ተረጋግጧል" ይላል። ኧረ በፈጠራችሁ! ጂኦፊዚክስ የመሬቱን ባሕርይ ከላይ ሆኖ በመሣሪያ ይለካል እንጂ መዳብ አያይም። አይፒ ሰርቬይ፣ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ተለቆ የሚሠራው ልኬት፣ የሚነግርህ እታች ቻርጅ ይዞ የሚቆይ ነገር እንዳለ ነው፣ ግራፋይትም መዳብ የሌለበት ፓይራይትም (የብረትና የድኝ ማዕድን) እኩል ያስጮሁታል። ይሄን እያወቁ ለሰው እንደዚህ ማውራት ነውር ነው።

ተስፋ አለን፦ ደሞ ጀመራችሁ። ሰው ገንዘቡን አፍስሶ ሪግ (የመቆፈሪያ ማሽን) አስገብቶ ይቆፍራል፣ እናንተ ቁጭ ብላችሁ ታጣጥላላችሁ። ሦስቱም መዳብ ነክተዋል፣ ሦስት ጉድጓድ ምን አነሰው?

ድንጋይ አንባቢ፦ "ምን አነሰው"?? በጉድጓዶቹ መሀል ያለውን ማን አየው? 40 ሜትር መዳብ ይላል፣ በስንት ዲግሪ እንደተቆፈረ ግን አይልም። ማዕድኑ ቀጥ ብሎ የቆመ ከሆነና አንተ እሱኑ ታክከህ ቁልቁል ከወረድክ የሁለት ሜትር ውፍረት 40 ሜትር ሆኖ ይወጣልሃል። ኮሩ ላይ፣ ማለትም ከጉድጓዱ በሚወጣው የድንጋይ ዘንግ ላይ፣ የለካኸው ርዝመት ውፍረቱ አይደለም።

ኮር ሼድ፦ የኔ ጥያቄ ስለ ጉድጓድ ቁጥር አይደለም፣ ግማሹ ኮር የት ነው? ኮሩ በመጋዝ ለሁለት ይሰነጠቃል፣ ግማሹ ለምርመራ ላቦራቶሪ ይሄዳል፣ ግማሹ ሜትሩ ተጽፎበት ሳጥን ውስጥ ይቀራል፣ የተጠራጠረ መጥቶ እንዲያየው። ብሬ-ኤክስ የሚባለው የካናዳ ኩባንያ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ቡሳንግ ላይ ኮሩን ሙሉ በሙሉ ሊባል በሚችል ሁኔታ እየፈጨ ነበር የሚልከው፣ በ1997 እ.ኤ.አ. ፍሪፖርት የተባለው የአሜሪካ ማዕድን ኩባንያ እዛው ጎን ለጎን ሲቆፍር የተወራው ወርቅ የለም።

ተስፋ አለን፦ ሁልጊዜ ብሬ-ኤክስ! አንድ ሌባ ለምን የሁሉም መለኪያ ይሆናል? ኦሊምፒክ ዳምስ? በ1975 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ የግራቪቲና የማግኔቲክ አኖማሊ (የስበትና የማግኔት ልኬቱ ከአካባቢው የተለየበትን ቦታ) ተከትለው ከ300 ሜትር በላይ ሽፋን በስተው በመጀመሪያው ጉድጓድ መዳብ አገኙ። እናንተ ብትኖሩ ሪጉን ታስወጡት ነበር።

ድንጋይ አንባቢ፦ እሱን ማንሳትህ ጥሩ። ከመጀመሪያው ቀጥሎ የተቆፈሩት አብዛኞቹ ደካሞች ነበሩ፣ ነገሩ የለየለት አስረኛው ላይ ነው፣ 170 ሜትር በ2.1 ፐርሰንት መዳብ። እና ሦስት ምን አነሰው ትለኛለህ?

ተስፋ አለን፦ እኔም እኮ ይቀጥሉ ነው የምለው!

ድንጋይ አንባቢ፦ ይቀጥሉ፣ ማን ከለከላቸው። ተረጋግጧል አይበሉ።

ባለማሳው፦ እናንተ በዲግሪ ትጨቃጨቃላችሁ። እኛ ጋ የመጡት ማሳ መሀል ለሪጉ ደልድለው፣ የቁፋሮውን ጭቃ የሚያጠራቅሙበትን ጉድጓድ ሳይደፍኑ ሄዱ፣ ጥጃ ገባበት። ማንን እንጠይቅ?

ተስፋ አለን፦ ወንድሜ ያሳዝናል፣ ግን ይሄ ሌላ ርዕስ ነው።

ባለማሳው፦ ለኔ ርዕሱ ይሄ ነው! ተረጋገጠ ሲባል ደላላ ይመጣል፣ ሰው መሬቱን ይለቃል፣ ከዛ ሪጉ ተጭኖ ይሄዳል።

ኮር ሼድ፦ ለዚህ ነው የሚፈርም ሰው የሚያስፈልገው። ካናዳ ከብሬ-ኤክስ በኋላ በ2001 እ.ኤ.አ. ለእንደዚህ ዓይነት መረጃ ብቁ ባለሙያ በስሙ ኃላፊነት እንዲወስድ ግዴታ አደረገች። እዚህ መግለጫ ላይ የአንድ ጂኦሎጂስት ስም አለ?

ተስፋ አለን፦ ስም ቢኖርማ እሱን ትሰድቡት ነበር። ሦስቱም ነክተዋል፣ አለቀ።

ድንጋይ አንባቢ፦ አላለቀም። የላቦራቶሪውን ውጤት ሰንጠረዥና የጉድጓዶቹን አቅጣጫ ያውጡና ያኔ እንነጋገር።