ክርክር፦ የፓልም ዘይቱ ከሸማቾች ሱቅ ይውጣ ወይስ ይቆይ?

መምህሩ ከሳቢያን፦ ዛሬ እዚህ ድሬዳዋ ሸማቾች ሱቅ የዘይት ሰልፍ ላይ ጠብ ሊነሳ ነበር። አንዲት እናት «ይሄ ፓልም እየጨረሰን ነው፣ በሱፍ ይተኩልን» አሉ። ከኋላ የቆመ ልጅ «እማማ፣ እሱስ መቼ በወጉ ተገኘ?» አላቸው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ሳምቡሳ ጠባሹ ከከፊራ፦ ይቆይ። በሱፍ ልጥበስ ብል በዚያ ዋጋ ማን ይገዛኛል አቦ? ደግሞ ስብ ያው ስብ ነው። የሚጎዳው ብዛቱ ነው።

ነርሷ ከከዚራ፦ ወንድሜ፣ የዋጋው ነገር እውነትህን ነው። «ስብ ያው ስብ ነው» ያልከው ግን ልክ አይደለም።

ቦርጫችን ላይ ያለው ጮማ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር አይደለም። ሆርሞን ያመነጫል። ሰው ሲወፍር ማክሮፋጅ የሚባሉ የመከላከያ ህዋሳት እዚያ ይከማቻሉ፣ ጮማው ውስጥ ለውስጥ ይቆጣል። ሐኪሞች ብግነት የሚሉት ነው። ቁጣው ሲቆይ ኢንሱሊን ሥራውን በደንብ አይሠራም። ክሊኒክ የማያቸው ብዙዎቹ የስኳር ታካሚዎች ጉዳይ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

የምንበላው ስብ ደግሞ ማገዶ ብቻ አይደለም። ህዋስ ውስጥ ስብ ሲነካቸው የሚነቁ ፕሮቲኖች አሉ፤ የትኛው ዘረመል ይሥራ፣ የትኛው ይተኛ የሚለውን ያዛሉ። ሆላንድ ውስጥ 20 ወፈር ያሉ ሰዎችን ለ8 ሳምንት መገቡ። ገሚሱ እንደ ፓልምና ቅቤ የሚረጋ ስብ የበዛበት፣ ገሚሱ እንደ ወይራ ዘይት ያለ ስብ የበዛበት ምግብ በላ። ጥናቱ በፈረንጆቹ 2009 ወጣ። ከሆዳቸው ጮማ ትንሽ ተወስዶ ሲታይ፣ የሚረጋውን ስብ የበሉት ሰዎች የብግነት ዘረመሎች ነቅተው ተገኙ።

ተማሪው ከመጋላ፦ ታዲያ ስኳር ያዛቸው?

ነርሷ ከከዚራ፦ አልያዛቸውም። በ8 ሳምንት የኢንሱሊናቸው አሠራር አልተለወጠም። ይሄን አልደብቅም።

ግን ስዊድን ውስጥም 39 ወጣቶችን ለ7 ሳምንት ከመጠን በላይ ኬክ አበሏቸው። የአንዱ ቡድን በፓልም፣ የሌላው በሱፍ ዘይት የተሠራ። ሁለቱም እኩል፣ 1.6 ኪሎ ገደማ ጨመሩ። ጉበት ላይና ሆድ ውስጥ ብዙ ስብ የተከመረው ግን የፓልሞቹ ነው። ብዛቱ አንድ ነበር፤ የለየው ዓይነቱ ነው።

እናት ከሐረር፦ እኛ ጋ በብርድ ጠዋት ጄሪካኑ ውስጥ ይደፈርሳል፣ ታቹ ይረጋል። በማንኪያ እየቆፈርኩ ነው የማወጣው። እናንተ ድሬዎች ሙቀቱ ሸፍኖባችሁ ነው የማታዩት። ግን ልጄ፣ ቅቤስ ይረጋ የለም እንዴ? ያደግነው በሱ ነው።

ነርሷ ከከዚራ፦ እውነትዎን ነው እማማ፣ ቅቤም ከዚያው ወገን ነው። ግን ቅቤ ስንቴ ነው ቤታችን የሚገባው? ፓልሙ ጠዋት ፈጢራው ላይ፣ ቀን ወጡ ላይ፣ ማታ ሳምቡሳው ላይ አለ። እኔ የምፈራው ይሄን ዕለት ዕለት የሚገባውን ነው።

ተማሪው ከመጋላ፦ ኑግስ?

ነርሷ ከከዚራ፦ ከሱፍ ጋር ይመደባል፣ አይረጋም። ንጹሕ ካገኘህ ግዛ።

ሳምቡሳ ጠባሹ ከከፊራ፦ እሺ እህቴ፣ ገባኝ። ግን ፓልሙን ዛሬ ከልክለው ሱፍን በገበያ ዋጋ ካሉን እኔ ምጣዴን አወርዳለሁ። ድጎማው ወደ ሱፍ ይዙርና ዋጋው አሁን ፓልሙን ከምገዛበት አይለፍ። ያኔ በማግስቱ እቀይራለሁ።

መምህሩ ከሳቢያን፦ ለፓልም የሚወጣው ድጎማ ለሱፍ ቢሆን ለአንድ ቤተሰብ በወር ስንት ሊትር ይደርሳል? ሸማቾች ውስጥ የሚሠራ ካለ እዚህ ይጻፍልን።