ዘይት የሚያንጠባጥብ ሚኒባስ ደንገጎን ይውረድ?

ጠያቂ፣ ከሳቢያን፦
ሰላም የድሬና የሐረር ልጆች። መናኸሪያ ቆሞ የተነሳ ሚኒባስ ሁሉ ከኋላ እግሩ ሥር ጥቁር ዘይት ጥሎ ይሄዳል። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። በመሃል ያለው የደንገጎ ተራራ ደግሞ ከሁለቱም ይበልጣል። ያን ሁሉ ጠመዝማዛ በፍሬን ነው የምንወርደው። እኔ የምለው፣ ከኋላ አክስሉ ዘይት የሚያፈስ መኪና እስኪሠራ ድረስ ሰው አይጫን። እናንተስ?

ሾፌር፣ የድሬ–ሐረር መስመር፦
አቦ፣ እንጀራችንን አትዝጉብን! መኪናው የኔ አይደለም፣ ማታ ማታ ገቢ አስገባለሁ። የረጠበ ሁሉ ይቁም ከተባለ መናኸሪያው ባዶውን ይቀራል። የሐረማያ ተማሪስ በምን ይሂድ? ሲጎድል ዘይት እንጨምራለን፣ ይሠራል።

መካኒክ፣ ከድሬ፦
ወንድሜ፣ ዝም ብሎ መጨመሩም ራሱ ያስፈስሳል። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ዘይቱ መሙያው ቀዳዳ አፍ ከደረሰ በቃ። ከዚያ በላይ ያለው መውጫ ይፈልጋል።

ደግሞ ፍሳሽ ሁሉ አንድ አይደለም። ዲፈረንሻሉ ላይ፣ አክስሉ መሃል ባለው የማርሽ ቤት ማለት ነው፣ ትንሽ የአየር መተንፈሻ አለች። ዳገቱን ሲወጣ ዘይቱ ይግላል፣ ውስጥ ያለው አየር ይለጠጣል። መተንፈሻዋ በጭቃና በአቧራ ከተደፈነች ግፊቱ ዘይቱን በኦይል ሲሉ፣ ዘይት እንዳይወጣ በሚያግደው ቀለበት፣ በኩል ይገፋዋል። ብዙ ጋራዥ ይቺን ሳያይ ኦይል ሲል ብቻ ይቀይራል፣ ከዚያ መኪናው ያንኑ ችግር ይዞ ይመለሳል።

ከፊት፣ ኃይል ወደ ኋላ የሚያመጣው ዘንግ (ካርዳኑ) ከሚገባበት የሚንጠባጠብ ካለ መሠራት አለበት፣ ግን ደረጃውን እያዩ ጥቂት ቀን መታገስ ይቻላል። እኔን የሚያስፈራኝ የጎማው ጎን ነው። እዚያ ያለው ኦይል ሲል ሲያልቅ ዘይቱ መሬት ላይ ላይታይ ይችላል፤ ታምቡሩ (ክቡ የፍሬን ቤት) ውስጥ ገብቶ የፍሬን ሸራውን ያጠጣዋል። በዘይት የራሰ ሸራ አይነክስም። አንዱ ጎማ ሲይዝ ሌላው ይንሸራተታል። በቤንዚን አጥቦ መመለስም መፍትሔ አይደለም፣ የሁለቱም ጎን ሸራ ይቀየራል።

ወጣት፣ ከከዚራ፦
የውድድር መኪና ላይም ይሄ አለ። ትራክ ላይ ረጅም ኩርባ በፍጥነት ሲዞሩ ዘይቱ ወደ አንዱ ጎን ወደ አክስሉ ቱቦ ይሸሻል። ሙቀት ሲጨመርበት በመተንፈሻው ይተፋል። ስለዚህ መተንፈሻውን በጎማ ቱቦ ወደ ላይ ያወጡትና ጫፉን ትንሽ ዕቃ ውስጥ ይከቱታል። ለሚኒባስም ቱቦና ማሰሪያ ቢገዛ ባለቤቱን አያደኸይም።

መካኒክ፦
ልክ ነህ፣ ቱቦው ለኛ አቧራም ጥሩ ነው። የጎማውን ዘንግ የሚይዘው ኩሽኔታ ያለቀበትን ግን አያድንም። ዘንጉ እየተወዛወዘ አዲስ ኦይል ሲል ቢገባለትም ቶሎ ይበላዋል። ዘንጉ ራሱ ኦይል ሲሉ በሚያርፍበት ቦታ ተቦርቡሮም ከሆነ ያው ነው። መጀመሪያ ኩሽኔታው ይታይ።

እናት፣ ከሐረር ሸዋ በር፦
ልጄ በዚህ መንገድ ነው የምትመላለሰው። ስለ ገቢ ስታወሩ እሰማለሁ፣ ስለ ፍሬኑ ግን ከሾፌሩ አንድ ቃል አልሰማሁም። ወላሂ፣ የዘገየ ተማሪ ይሻለኛል።

ሾፌር፦
እሺ እናቴ፣ በጎማው በኩል የሚያፈሰው ይቁም፣ እኔም አልነዳውም። ግን የቆመበትን ቀን ገቢ ማን ይክፈል? ባለቤቱ «ነገ ታሠራዋለህ» ብሎ ቁልፍ ሲሰጠኝ እምቢ ካልኩ በነጋታው ሌላ ሾፌር ይቀጥራል። ክልከላው በሾፌር ላይ ብቻ ከሆነ አልደግፍም። ቅጣቱ ባለቤቱ ዘንድ ይድረስ።

ጠያቂ፦
በዚህ ተስማምቻለሁ። ታዲያ መናኸሪያ ላይ ማን ያይልናል? ቦሎ በዓመት አንዴ ነው።

መካኒክ፦
ተራ አስከባሪውም ማየት ይችላል። በባትሪ የኋላ ጎማውን የውስጥ ጎን ይይ። እዚያ ያገኘው ዘይት ወፍራምና ድኝ ድኝ የሚሸት ከሆነ የዲፈረንሻል ዘይት ነው። ቀጭን ከሆነ የፍሬን ዘይት ሊሆን ይችላል፣ እሱም የባሰ ነው። ሁለቱም ቢሆን ተሳፋሪ ሳይጫን ወደ ጋራዥ።