ባልና ሚስት በሳይክል ወደ መናገሻ ሱባ፦ አንዱ ፈጣን፣ አንዱ ጀማሪ ሲሆን እንዴት ይኬዳል?

ጥያቄ፦ የአየር ጤናዋ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው አየር ጤና ነው። እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ሳይክል ይነዳል። እኔ የጀመርኩት ዘንድሮ ነው። ቅዳሜና እሁድ አብረን እንወጣለን፤ ብዙ ጊዜ ወለቴ ደርሰን እንመለሳለን። አሁን ክረምቱ ሲወጣ፣ ጥቅምት ላይ፣ በሰበታ በኩል ወደ መናገሻ ሱባ ደን ወጥተን አድረን በማግስቱ ለመመለስ አስበናል።

ያስጨነቀኝ ርቀቱ አይደለም። ዳገት ላይ እሱ ቀድሞኝ ይሄዳል። ላይ ሆኖ ይጠብቀኛል፣ ክፋት የለበትም። ግን እኔ ስደርስ እሱ አርፎ ጨርሷል። "በቃ እንሂድ" ይለኛል። ማታ እሱ ደስ ብሎት፣ እኔ ዝዬ፣ ተኮራርፈን ቤት እንገባለን። ይህን ጉዞ ሁለታችንም እንድንወደው እፈልጋለሁ።

ጥቅምት ላይ መንገዱ ይደርቃል? የምነዳው የእሱን የድሮ ሳይክል ነው፤ ትንሽ ይረዝምብኛል፣ ይሆናል? ውሻስ? ከሁሉም በላይ ግን አቅማችን እኩል ሳይሆን አብረን እንዴት እንሂድ?

መልስ፦ የእንዶዴዋ

እህቴ፣ እኔና ባሌ በሳይክል ቢሾፍቱ ድረስ ወርደን የምንመለስ ሰዎች ነን፤ ያልሽው ነገር በደንብ ይገባኛል። ባልሽ ቀድሞ መውጣቱ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ፈጣን ሰው ዳገት ላይ ያለ ልኩ ቀስ በል ሲሉት እሱም ይደክመዋል። ችግሩ ያለው እረፍቱ ላይ ነው።

እስቲ አስቢው። እሱ ላይ ደርሶ አሥር ደቂቃ ጠበቀሽ። አሥር ደቂቃ አረፈ ማለት ነው። አንቺ ደረስሽ፣ ውኃ እንኳ በቅጡ ሳትጠጪ ተነሳችሁ። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሲሆን እሱ በየዳገቱ አናት አርፏል፣ አንቺ አንዴም አላረፍሽም። አቅም ያነሰሽ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ከእሱ የበለጠ ነው የሠራሽው። ስለዚህ ቤት ሳላችሁ አንድ ነገር ተስማሙ፦ የእረፍት ሰዓት መቆጠር የሚጀምረው ኋለኛው ሰው ከሳይክሉ ሲወርድ ነው። እኛ ቤት ብዙውን ኩርፊያ ያስቀረው ይህ ነው።

ከዚያ ጭነቱ አለ። ድንኳኑን፣ የሁለታችሁን ውኃ፣ መፍቻዎቹን እሱ ይሸከም። አንቺ ልብስሽንና የሚበላውን ያዢ። እንዲህ ሲሆን ፍጥነታችሁ በራሱ ይቀራረባል። አሁንም ጉልበት ከተረፈው ዳገቱን ወጥቶ ይመለስና ከአንቺ ጋር እንደገና ይውጣው። እሱ የሚፈልገውን ልምምድ ያገኛል፣ አንቺም ብቻሽን አትቀሪም። ሜዳው ላይ ደግሞ አንቺ ቅደሚ፣ ፍጥነቱን አንቺ ወስኚው። እየነዳሽ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቆራርጪ መናገር ካቃተሽ ፈጥነሻል ማለት ነው።

አንድ ነገር ለባልሽ ንገሪልኝ። ዳገት መሃል "ማርሽ ቀይሪ! አሁን ቀይሪ!" ማለት አይጠቅምም። ትንፋሽ ባጠረበት ሰዓት ትምህርት አይገባም። ሜዳ ላይ፣ ሁለታችሁም ሳትደክሙ ያሳይሽ። ዳገት ላይ ዝም ይበል፤ ካለም አይዞሽ ይበል።

ምግብ ላይ አትሰስቱ። ሰው ሲርበው ነገር ይፈልገዋል፤ ብዙው የመንገድ ጠብ የረሃብ ጠብ ነው። ሳይርባችሁ ብሉ። እኛ በሶ በማር በጥብጠን፣ ዳቦ ቆሎና ተምር በኪሳችን ይዘን ነው የምንወጣው። ረቡዕና ዓርብ ላይ ቢውልም አያስቸግርም።

ደግሞ የመመለሻ ሰዓት ቁረጡ። እስከ ስምንት ሰዓት ካሰባችሁበት ካልደረሳችሁ ትመለሳላችሁ፣ አለቀ። ከሁለት አንዳችሁ "እንመለስ" ካለ ሌላው ለምን ብሎ አይጠይቅ። ይህን ስታውቂ ዳገቱ ራሱ አያስፈራሽም።

መልስ፦ የሰበታ ልጅ

ስለ መንገዱ እኔ ልንገርሽ። ወደ ሰበታ የሚወስደው የጅማ መንገድ ከባድ መኪና ይበዛዋል። ጥሩው ሰዓት የእሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ነው። ሁለት ሆናችሁ ጎን ለጎን እንዳትነዱ፤ ወሬውን ለኮረኮንቹ አቆዩት። ደማቅ ልብስ ልበሱ፣ ከኋላ ቀይ መብራት እሰሩ።

ጥቅምት ጥሩ ወር ነው፣ ግን መጀመሪያው ላይ አትቸኩሉ። መስቀል ካለፈ በኋላም ዋልካው፣ ያ ጥቁሩ የሚጣበቅ አፈር፣ ቶሎ አይደርቅም። ላዩ ደረቅ ይመስላል፣ ሲረግጡት ጎማውን ይይዛል። ጭቃው ጎማና ፍሬን መካከል ገብቶ ሲሞላ ሳይክሉ አልንቀሳቀስ ይላል። በኃይል አትግፉት፤ የኋላው ማርሽ መቀየሪያ ይሰበራል። ወርዳችሁ በእንጨት ጥረጉት፣ ከመንገዱ ዳር ሣር ሣሩን ግፉት። ባይሆን ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ አድርጉት።

ሱባ ላይ ስትደርሱ አትቸኩሉ። ደኑ ያለው የወጨጫ ተራራ ላይ ነው፤ አናቱ 3,385 ሜትር ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ አየሩ ስለሚሳሳ አዲስ አበባ የኖረ ሰውም ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ሲያቅታችሁ ወርዳችሁ ሳይክሉን ግፉ። ጥዱ ዕድሜ የጠገበ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ዝግባ፣ ወይራ፣ ኮሶ ታያላችሁ። ቀና ካላችሁ ጉሬዛ፣ ዝም ካላችሁ ደግሞ የምኒልክ ድኩላ። በፍጥነት የሚያልፍ ሰው ይህን ሁሉ ያጣዋል፤ ለአንቺ ፍጥነት የተመቸ ቦታ ነው።

በር ላይ መግቢያ ትከፍላላችሁ። ለማደሪያውና ለሳይክሉ ፈቃድ ግን ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ፣ የአካባቢውን ጸጥታም በዚያው አጣሩ። መታወቂያ ያዙ። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ደን ውስጥ አትንዱ፤ ጅብ አለ። ሌሊቱ ይበርዳል፤ በጥቅምት አንድ አጥንት የተባለው ለዚህ ነው። ወፍራም ነገር ያዙ።

ሰው ስታገኙ ቀድማችሁ በኦሮምኛ ሰላም በሉ። "አካም ጅርቱ" ማለት ብቻ ብዙ በር ይከፍታል። መንገድ ሲጠፋችሁ "ካራን ሱባ ኤሳ?" በሉ። ካሳዩዋችሁ በኋላ "ገለቶማ"።

መልስ፦ ካቴና

እህቴ፣ ከሰበታ ልጅ በአንድ ነገር እለያለሁ። ለጀማሪ ያን አስፋልት መንዳት ምን ያደርግላታል? ሳይክሎቹን ሚኒባስ ፖርቶመጋላ ላይ ጭናችሁ ሰበታ ውረዱ። ዋጋውን ከመጫናችሁ በፊት ተነጋገሩ። ማርሽ ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን፣ በገመድ ይታሰር። ጉልበቱን ለጫካው አቆዩት።

ወደ ሳይክሉ ልምጣ። "ትንሽ ይረዝምብኛል" ያልሽው ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። መቀመጫው ከሆነ ቀላል ነው። መቀመጫው ላይ ሆነሽ ተረከዝሽን ፔዳሉ ላይ አድርጊ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርሽ ቀጥ ካለ ልኩ ነው። ስትነጂ በእግርሽ ፊተኛ ክፍል ስለምትረግጪ ጉልበትሽ በትንሹ ይታጠፋል። ሌላው ብረቱ ራሱ ነው። ወርደሽ በሁለት እግርሽ ስትቆሚ የላይኛው ብረት ከነካሽ ያ ሳይክል ለኮረኮንች አይሆንሽም። ድንገት መውረድ ሲመጣ ትጎጂያለሽ። ለሁለት ቀን ከሰው ተዋሺ ወይ ተከራዪ። ይህን በጥብቅ ነው የምልሽ።

ይህን ያዙ፦ ሁለት ትርፍ ከመነዳሪ (የውስጥ ጎማ)፣ መለጠፊያና ማስቲሽ፣ የእጅ መንፊያ፣ ብሩጎላ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ)፣ ፒንሳ፣ የካቴና መፍቻ። ሰበታ ላይ ጎሚስታ አይጠፋም፣ ደኑ ውስጥ ግን ማንም የለም። የሁለታችሁ ጎማ ልኩ አንድ ከሆነ ትርፉ ለሁለታችሁም ይሠራል፤ ከመውጣታችሁ በፊት ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር አስተያዩ። ጎማ መቀየር ደግሞ ሁለታችሁም ቻሉ። እሱ ብቻ የሚችል ከሆነና እሱ ከተጎዳ ምን ታደርጊያለሽ?

መልስ፦ ጉለሌ

የውሻውን እኔ ልመልስ። ለማምለጥ አትንጂ፣ ይብስበታል። ውረጂ፣ ሳይክሉን በአንቺና በእሱ መካከል አድርጊ፣ ቀስ ብለሽ ተራመጂ። አብዛኛው ከብት ጠባቂ ነው፣ ከክልሉ ስትርቂ ይተውሻል። እረኛ ካለ ጥሪው። ከነከሰ ቁስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ። ከዚያ ጉዞው ቀርቶ ወዲያው ለእብድ ውሻ ክትባት ወደ ሕክምና። ይህ ለነገ አይባልም።

ለልምምድ ደግሞ ከጥቅምት በፊት እንጦጦ ኑ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ያለው ዳገት አቅማችሁን ያሳያችኋል፤ ላይ ደግሞ በባሕር ዛፉ መካከል የአፈር መንገድ አለ። እንጨት የተሸከሙ እናቶች ስታገኙ ግን ወርዳችሁ ዳር ያዙ። ሸክሙ ከመንገዱ ይሰፋል፣ እነሱ ዳር መውጣት አይችሉም። ቁልቁል በፍጥነት የሚመጣ ሳይክል ያስደነግጣቸዋል፤ በዚያ ሸክም መደንገጥ መውደቅ ነው።

የአየር ጤናዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለባለቤቴ አነበብኩለት። የእረፍቱን ነገር ሲሰማ ትንሽ ዝም ብሎ "እውነት ነው፣ አስቤው አላውቅም" አለኝ። ብረቱንም ለክተነዋል፣ አይነካኝም። እንጦጦ እንሄዳለን፣ ሱባ ደግሞ ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ፣ እስከ ሰበታ በሚኒባስ።

አንድ የቀረኝ ቁልቁለቱ ነው። ስወርድ ፍሬኑን አጥብቄ ይዤ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። ከዚያ መያዝ ያቅተኛል። ይህ ልምድ ማነስ ነው?

መልስ፦ ካቴና

ልምድ ብቻ አይደለም። ሳይክሉ የባልሽ ነበር አላልሽም? የፍሬኑ መያዣ ለእሱ እጅ የተስተካከለ ነው። ብዙ መያዣዎች ሥር ትንሽ ብሎን አለች። እሷን ስታጠብቂ መያዣው ወደ መሪው ይቀርባል። በጣትሽ ጫፍ ሳይሆን በመጀመሪያው አንጓ መያዝ እስክትችዪ ድረስ አቅርቢው። ሁለት ጣት ይበቃል፣ የቀሩት መሪውን ይያዙ።

ስትወርጂ ሁለቱንም ፍሬን ተጠቀሚ። አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊተኛው ስለሆነ አትፍሪው፣ ግን በድንገት አትጨብጪው። ከመቀመጫው ትንሽ ተነሺ፣ ሁለቱ ፔዳሎች እኩል ይሁኑ፣ ክብደትሽን ወደ ኋላ አድርጊ። ሁልጊዜ ይዘሽ ከመውረድ፣ ያዝ ለቀቅ እያደረግሽ ውረጂ። መዞሪያው ላይ ሳትደርሺ ቀንሺ፣ መሃሉ ላይ አይደለም። ረጅም ቁልቁለት ከሆነ መሃል ላይ ቁሙ፤ ጣትሽም ፍሬኑም ይቀዝቅዝ። የፍሬኑ ጎማ አልቆ እንደሆነም እዩት፣ ካለቀ ምንም ያህል ብትጨብጪ አይዝም። ብሎኗን ዛሬውኑ አስተካክለሽ ሰፈር ውስጥ ባለ አጭር ቁልቁለት ሞክሪው፤ አሁንም ከራቀብሽ የመያዣውን ፎቶ ላኪልኝ።