የፖሊስ ጣቢያ ሥራ ማስኬጃ በጀት ሲቀነስ ከየቱ ነው የሚቆረጠው? (ድሬዳዋ)

ሳቢያን_ሎጂስቲክስ
ሰላም ለዚህ ቤት። የዘንድሮ በጀት ሲደለደል ደመወዝ አልተነካም፤ የሥራ ማስኬጃው ግን በ30 ከመቶ ወርዷል። ያለን ሁለት ላንድክሩዘር ፒክአፕና ሦስት ሞተር ሳይክል ነው። ነዳጅም፣ ጥገናም፣ ደንብ ልብስም፣ ውሎ አበልም እኩል 30 ከመቶ ይቀነስ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እንደ አምናው ከነዳን ናፍጣው መጋቢት አጋማሽ ላይ ያልቃል፤ ዋጋ ከጨመረማ ከዚያም በፊት። እናንተ እንዴት ትደለድሉታላችሁ?

ሂሳብ_ሹም
እኩል መቁረጥ ለቃለ ጉባኤ ይመቻል እንጂ ለሥራ አይሆንም። የፖሊስ በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው። ለምሳሌ 80 ከመቶው ደመወዝ ከሆነና ከጠቅላላው 10 ከመቶ ከተቀነሰ ሥራ ማስኬጃው በግማሽ ወረደ ማለት ነው።

መጀመሪያ የማይነካውን ለይ። ተጠርጣሪ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ነው፣ ነዳጅ አለቀ ብሎ ማለፍ የለም። የፍርድ ቤት ምልልሱን፣ የድንገተኛ ጥሪውንና የአስከሬን ምርመራውን ሊትር በወር አስላና ለብቻው አስቀምጥ። ከቀረው ላይ ነው ቅኝት የሚደለደለው።

ጥገናን (የበጀት ኮድ 6241) ቆርጠህ ነዳጅ (6217) አትሙላ። ብር ሐምሌ 2016 ላይ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃለህ፤ ዛሬ የታለፈ ሰርቪስ ሚያዝያ ላይ የሞተር እድሳት ሆኖ ይመጣል። ከውሎ አበልና ከኅትመት ግን ሳትሳሳ ቁረጥ። ከካፒታል (የግንባታና የቋሚ ዕቃ) በጀት ወደ መደበኛ ማዛወርን ተወው፣ አይፈቀድም። በመደበኛው ውስጥ ዝውውር ካስፈለገህም በጊዜ ጠይቅ፤ ሰኔ ላይ የሚሰማህ የለም።

ናፍጣ_ቤት
አቦ፣ ቅነሳው ላይ ከመከራከርህ በፊት መኪኖቹ ስንት እንደሚጠጡ እወቅ። ታንከሩን አፉ ድረስ ሙላ፣ ኪሎ ሜትሩን ጻፍ፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳ፣ እዚያው ማደያ መልሰህ ሙላ። የነዳኸውን በሁለተኛው ሊትር አካፍል። የድሮው 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር በሊትር ከ7 እስከ 9 ኪሎ ሜትር መሄድ አለበት። 5 ከመጣ ወይ ኖዝሉ (ናፍጣ ረጪው) ተበላሽቶ፣ ወይ ፍሬኑ ይዞ፣ ወይ በጄሪካን የሚቀዳ ሌባ አለ። ቆጣሪው የማይሠራ መኪና ካለ ከሁሉ በፊት እሱን አሠራ፤ ያለዚያ መዝገቡ ልብ ወለድ ነው።

የድሬ ልዩ ችግር ሙቀቱ ነው። ኤሲ ለማግኘት ሞተር አስነስቶ መቆም ልማድ ሆኗል። ቆሞ የሚሠራ ሞተር በሰዓት አንድ ሊትር ገደማ ይበላል፤ ኤሲ ሲኖር ይበልጣል። በቀን አራት ሰዓት ቢባል በወር 120 ሊትር፣ ማለትም 900 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ናፍጣ በቆመበት አለቀ። ጥላ ሥር አቁሙና አጥፉት።

ሌላው ራዲያተር ነው። የድሬን የቧንቧ ውሃ ማንቆርቆሪያችሁ ላይ አይታችሁታል፤ ያ ነጭ ድንጋይ ራዲያተር ውስጥም ይጋገራል። ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር ብቻ ጨምሩ። ከተዘጋ በኋላ የሚከተለው የተቃጠለ ጋስኬት ነው፣ እሱም በዕድል። ዘይት በ5,000 ኪሎ ሜትር፣ አየር ፊልትሮ ደግሞ በአቧራችን ምክንያት ከመጽሐፉ ቀድማችሁ።

መጋላ_ተረኛ
ዝም ብሎ መዞሩ ራሱ ይጠየቅ። እ.ኤ.አ. 1972-73 ካንሳስ ሲቲ ውስጥ በአንዳንድ ቀጠናዎች መደበኛ የመኪና ቅኝት ቀርቶ በሌሎች እጥፍና ከዚያ በላይ ሆኖ ሲነጻጸር፣ በወንጀሉም በሕዝቡ ስጋትም ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። በኋላ ሚኒያፖሊስ ላይ የተጠናው ደግሞ ወንጀል የሚበዛበት ነጥብ ላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆሞ መሄድ ከሁሉ የተሻለ ውጤት እንዳለው ያሳያል። ከዚያ በላይ መቆየት ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል።

ስለዚህ የስድስት ወር የክስ መዝገብ ክፈት፤ ቦታና ሰዓት ብቻ አውጣ። ታይዋን ገበያ አካባቢ ኪስ የሚወለቀው በሌላ ሰዓት፣ ከዚራ ሰፈር ላይ ስልክ የሚነጠቀው በሌላ ሰዓት ነው። ከተማው በሚያሸልብበት ከቀትር በኋላ መኪና ማዞር የናፍጣ ብክነት ነው፤ ሲመሽ፣ አየሩ ሲቀዘቅዝና ሰው ሲወጣ ይሁን። መጋላና ከዚራን በእግርና በሞተር ሳይክል ሸፍን። ፒክአፑን ለመልካ ጀብዱ መንገድና ተጠርጣሪ ለማጓጓዝ አስቀር፤ በሞተር ሳይክል ተጠርጣሪ አይጫንም።

የጥበቃ ቦታዎችንም ቁጠር። አንድ ሰው ሌት ተቀን የሚቆምበት በር በሳምንት 168 ሰዓት ነው። አንድ ፖሊስ 48 ሰዓት ቢሠራ 3.5 ሰው፣ ፈቃድና ሕመም ሲታከል ከአራት በላይ ይበላል። አንዱን በር ለመሥሪያ ቤቱ የራሱ ጥበቃ ብታስረክብ አራት እግረኛ አገኘህ።

ሳቢያን_ሎጂስቲክስ
እናመሰግናለን። ሁለት ነገር ልጨምር፦ የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊሶቹን ከየቀበሌው ወደ ጣቢያ እንሰብስብ፣ ነዳጅም ነጋዴዎች ይደግፉን የሚሉ አሉ።

ሂሳብ_ሹም
መሰብሰቡን እንግሊዝ ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በበጀት ቅነሳ በእንግሊዝና ዌልስ ወደ 20,000 ፖሊስ ቀነሰ፤ ብዙ ቦታ የሰፈር ፖሊሱ ወደ ድንገተኛ ጥሪ ተሳበ። በ2019 መንግሥት 20,000 መልሼ እቀጥራለሁ አለ፤ የመጣው ግን አዲስ ምልምል እንጂ ሰፈሩን የሚያውቀው ሰው አይደለም። የቀበሌው ፖሊስ በእግሩ ነው የሚሠራው፣ ናፍጣ አይጠጣም፤ እሱን ማንሳት የሚያድነው ብር የለም።

የነጋዴው ነዳጅ አደገኛ ነው። ነገ ከሳሽ ወይም ተከሳሽ ሆኖ ይመጣል። የግድ ከሆነ ድጋፉ ለአስተዳደሩ ፋይናንስ በደብዳቤ ይግባ፣ ዕቃው በንብረት ደረሰኝ ሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሁን፣ ሰጪው የትኛው ጣቢያ እንደሚጠቀምበት አይምረጥ። ማደያ ላይ «የእኔን ሂሳብ ጻፍበት» የሚባለውን በጭራሽ አትቀበሉ።