ነገ ጠዋት ቤቱን ሊያዩ ነው፣ «ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ላክ» አሉኝ (ሀዋሳ፣ አስቸኳይ)

የአቶቴ ልጅ (ጠያቂ)፦ ሰላም የሀዋሳ ልጆች። ቤቱን ሙሉ ዕቃ አሟልቼ ለድርጅት ሠራተኞች በ3 በ4 ወር ላከራይ ብዬ ነበር፣ ይኸው ሁለት ወር ባዶውን ተቀመጠ። ዛሬ ደላላ አንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት አገናኘኝ፤ ሦስት ኢንጂነሮች አሏቸው። ነገ 4 ሰዓት ሊያዩት ይመጣሉ። ሰውየው ስልኩን ሊዘጋ ሲል «እስከ 11 ሰዓት ፕሮፎርማ ላክልን፣ ደረሰኝ ታወጣለህ አይደል?» አለኝ። አዎ አልኩት። የለኝም። ምን ይሻለኛል?

ታቦር ሥር፦ ስንት ክፍል ነው? ዋጋው? ፎቶ የለም?

ጋሽ መምህር፦ ልጄ፣ ከመሠረቱ እንነሳ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ሲመረቅ እዚህ ከተማ ጓሮ ያለው ሁሉ ሶፋና ትልቅ ቴሌቪዥን ገዝቶ የፋብሪካ ማናጀር መጠበቅ ጀመረ። በታኅሣሥ 2014 አገሪቱ ከአጎዋ (ዕቃን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከማስገባት ዕድል) ስትወጣ ጥለው የሄዱ አሉ፣ ሶፋው ቀረ። አንድ ደንበኛ ላይ ተንጠልጥሎ ቤት ማከራየት ትርፉ ይህ ነው። ሪፈራል ሆስፒታሉ አለ፣ ዩኒቨርሲቲው አለ፣ የባንክ ዲስትሪክቶች አሉ። ማስታወቂያ በግሩፕ ከመለጠፍ በየቢሮው ሄዶ የአስተዳደርና የግዢ ኃላፊውን ማናገር፣ አንድ ገጽ ወረቀት ትቶ መውጣት ይሻላል።

አባ ኮዳ፦ ጋሼ፣ ልጁ ያለው እስከ 11 ሰዓት ነው 😂 የሶፋው ታሪክ ለማታ ይቆይልን።

ሞኖፖል፦ ቀላል ነው። ደረሰኝ ያለው ጓደኛ ፈልግና በሱ ይቆረጥልህ፣ ትንሽ ነገር ታስብለታለህ።

ፒያሳ ነኝ፦ ደላላውን ጠይቀው፣ ደረሰኝ የሚቆርጥልህ ሰው አያጣም።

ፋይናንስ ክፍል፦ ሁለታችሁም ልጁን እስር ቤት ልታስገቡት ነው። ያልሰጠኸውን አገልግሎት ደረሰኝ መቁረጥ ወንጀል ነው፣ ለቆራጩም ለአስቆራጩም። አሥር ዓመት ድርጅት ውስጥ ክፍያ ሠርቻለሁና ስማኝ። መጀመሪያ ደውልና አንድ ነገር ጠይቅ፦ ቤቱን የሚከራየው ድርጅቱ ነው ወይስ ሠራተኞቹ በአበላቸው? በአበል የሚመጣ ሰው አልጋ ከያዘበት የተረፈው የራሱ ነው፣ ስለዚህ መቶ ብር ላይ ይከራከርሃል። ድርጅቱ ራሱ ከከፈለ ግን ዋጋው አያጣላችሁም፣ የሚያጣላችሁ ወረቀቱ ነው።

ደረሰኝ የለኝም ብለህ እውነቱን ንገረው። «እንደ ግለሰብ አከራይ በጽሑፍ ውልና በቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥር ትከፍላላችሁ?» በለው። ብዙ ድርጅት ቤት የሚከራየው እንዲሁ ነው። ቲን ከሌለህ ግን ለግብር ብለው ከክፍያው ብዙ ሊቆርጡብህ ይችላሉ።

ፕሮፎርማው አንድ ገጽ ይበቃዋል። ቀን፣ ለማን እንደተጻፈ፣ የወር ዋጋ፣ ዋጋው የሚጸናበት ጊዜ (15 ቀን በል)፣ ቫት አለበት ወይስ የለበትም፣ መብራት፣ ውሃ፣ ዋይፋይና ጽዳት በዋጋው ውስጥ መሆናቸው፣ ፊርማ። የሆቴሉንም ንጽጽር ከታች ጻፍለት። ሆቴል በአዳር 2,000 ቢሆን ሦስት ሰው በወር 180,000 ነው። ያንን ቁጥር ለአለቃው ይዞ የሚገባው ያው የግዢ ሠራተኛ ነው፣ አታድክመው።

የአቶቴ ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ። አራት መኝታ ነው። ቲን አለኝ፣ የሞባይል ሱቅ ነበረኝ። በሱቁ ደረሰኝ መቁረጥ አልችልም?

ፋይናንስ ክፍል፦ ፈቃዱ የሞባይል መሸጫ ነው። ሞባይል ሽጥበት።

አልገባኝም፦ ጭራሽ ለምን ለድርጅት? ለቤተሰብ አከራይና ተገላገል። ደግሞ የቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 ከሁለት ዓመት ያነሰ ውል አይፈቅድም፣ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያም መቀበል አትችልም። የ3 ወር ውል ከየት መጣ?

ፋይናንስ ክፍል፦ አዋጁን አንብበኸዋል፣ ጥሩ። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ ግን ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ነው የሚሠራው። ከተማ አስተዳደሩን ሄዶ ይጠይቅ። በዚሁ የሚቀጥል ከሆነ የእንግዳ ማረፊያ ፈቃድ ያውጣ፣ ያኔ የደረሰኙም ጣጣ ያልቃል።

የሪፈራሏ፦ ወንድሜ፣ ወረቀቱ ላይ ተነጋገራችሁ፣ ስለ ቤቱ ማንም አልጠየቀህም። ሁለት ክፍል ለእንግዳ አከራያለሁ። ሊያዩ የሚመጡ ሰዎች ሶፋ ላይ አይቀመጡም። ገብተው ቧንቧ ይከፍታሉ፣ ከዚያ ስልክ አውጥተው ዋይፋዩን ይሞክራሉ፣ ከዚያ መስኮት። ለሐይቁ ቅርብ ስለሆንን ትንኝ አለ፣ አልጋው ላይ አጎበር ተሰቅሎ ይጠብቃቸው። አንድ የባንክ ኦዲተር ለ6 ሳምንት ሊገባ መጥቶ «ላፕቶፕ የት ላይ ላስቀምጥ?» አለኝ፣ የምግብ ጠረጴዛውን አሳየሁት። አመስግኖ ሄደ፣ አልተመለሰም። በማግስቱ ትንሽ ጠረጴዛና ወንበር ከአናጺ አሠራሁ። አንተም ከየትም ብለህ ሦስት ጠረጴዛ ተዋስ። ሮቶውን ዛሬውኑ ሙላ፣ ጠዋት ውሃ እንደምትጠፋ ታውቃለህ።

አባ ኮዳ፦ ኦዲተሩ ጠረጴዛዋን ኦዲት አድርጓት ነው የሄደው 😂

ታቦር ሥር፦ ዋጋው ግን?

የአቶቴ ልጅ፦ ፕሮፎርማውን ልኬዋለሁ። ደውዬም ነበር፣ የሚከፍለው ድርጅቱ ነው፣ «በውል እንከፍላለን፣ የቤቱ ካርታ በማን ስም ነው?» አለኝ። በአባቴ ስም ነው።

ፋይናንስ ክፍል፦ ውክልና አለህ?

የአቶቴ ልጅ፦ የለኝም። ቤቱን ሁሌም እኔ ነኝ የማከራየው፣ ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም።

ፋይናንስ ክፍል፦ አሁን ተጠየቅህ። ውሉን አባትህ ይፈርሙ። ታዲያ ቲኑም የባንክ ሂሳቡም የሳቸው ነው መሆን ያለበት፣ የላክኸውን ፕሮፎርማ በሳቸው ስም ቀይረህ መልሰህ ላክ። የት ናቸው?

የአቶቴ ልጅ፦ ይርጋለም።

አባ ኮዳ፦ ይርጋለምማ ቅርብ ነው። ሚኒባሱ እስኪሞላ ነው እንጂ።

ጋሽ መምህር፦ አባትህን በስልክ ሳይሆን ሄደህ አምጣቸው። ሽማግሌ ሰው ማለዳ በትራንስፖርት ወረፋ አይንገላታ።

የሪፈራሏ፦ ሮቶውን ሞላኸው?